«ጥርሱ ተጣሟል እኮ!»፦ ሞላላ የብስክሌት ጥርስ ምንድን ነው፣ እንዴትስ ይገጠማል?

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም በሚያወጣው ዳገት መሃል ትንፋሼን ልሰብስብ ብዬ ቆሜያለሁ። አህያ እየነዳ የሚወርድ አንድ ልጅ ብስክሌቴን ከላይ እስከ ታች አየና «ጋሼ፣ ጥርሱ ተጣሟል እኮ!» አለኝ። ዓይኑ አልሳተም። የፊቱ ጥርስ ክብ አይደለም፤ ሁለት ሰው ከግራና ከቀኝ ጨምቆ የለቀቀው ይመስላል። «ሲሠራም እንዲህ ነው» አልኩት። ትንሽ አሰበና «ታዲያ እያወቁ ገዙት?» ብሎኝ አህያውን ተከትሎ ወረደ።

ጥያቄው የልጁ ብቻ አይደለም። ቅዳሜና እሁድ በእንጦጦ፣ በየካ ተራራና በሱሉልታ በኩል የሚነዱ ሰዎች ሲገናኙ ስለ ሞላላ ጥርስ ሁለት ዓይነት ወሬ ይሰማል። አንዱ «ዳገቱን ሜዳ ያደርግልሃል» ይላል። ሌላው «የነጋዴ ብልጠት ነው፤ ክቡ ምን ጎደለው?» ይላል። ሁለቱም አልገባቸውም ብል አልዋሸሁም። ነገሩ የሚገባው ጥርሱን ትተን እግራችን ፔዳል ሲያዞር የሚያደርገውን ስናይ ነው።

## በመጀመሪያ፣ የትኛው ጥርስ ነው?

ፔዳሎቹ የተሰኩባቸው ሁለት ክንዶች ክራንክ ይባላሉ። ከቀኙ ክራንክ ጋር አብሮ የሚዞረውና ካቴናው የሚጠመጠምበት ጥርሳም ሰሃን የፊት ጥርስ ነው። የኋላው ጎማ መሃል ላይ ደግሞ ከትንሽ እስከ ትልቅ የተደረደሩ የኋላ ጥርሶች አሉ። ካቴናውን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ካምቢዮ ነው።

«ባለ 32» ሲባል በሰሃኑ ዙሪያ 32 ጥርስ አለ ማለት ነው። የፊቱ ቁጥር ሲያድግ ፔዳሉ ይከብዳል፤ በአንድ ዙር የሚኬደው መንገድም ይረዝማል። ከኋላ ተቃራኒው ነው፤ ትልቁ ጥርስ ያቀልላል።

ሞላላ ጥርስ ቁመቱ ከወርዱ ትንሽ የበለጠ የፊት ጥርስ ነው። የጥርሶቹ ብዛትም ሆነ በመካከላቸው ያለው ርቀት ከክቡ አይለይም። የተለየው ቅርጹ ብቻ ነው።

## ክቡ ምን ጎደለው?

ሙቀጫ ላይ የቆመ ሰው አስቡ። ዘነዘናው የሚወቅጠው ሲወርድ ነው። ወደ ላይ ሲነሳ ክንድ ይሠራል እንጂ እህሉ አይደቅም። ፔዳልም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ብስክሌቱን ከቀኝ በኩል እያያችሁ የክራንኩን ዙረት እንደ ግድግዳ ሰዓት ቁጠሩት። ፔዳሉ ከላይ ጫፍ ሲሆን 12 ቁጥር ላይ ነው። ወደ ፊት ተዘርግቶ ከመሬት ጋር ሲስተካከል 3 ላይ፣ ታች ሲደርስ 6 ላይ ነው። እግር ዋናውን ጉልበት የሚያሳርፈው በ2 እና በ5 መካከል ነው። 12 ወይም 6 ላይ ግን ሙሉ ክብደታችሁን ብታሳርፉበትም ክራንኩ አይዞርም፤ ጫናው በቀጥታ ወደ መሃሉ ዘንግ ይገባል። ይህን ቦታ «ሙት ቦታ» እንበለው። አንዱ እግር 12 ላይ ሲሆን ሌላው 6 ላይ ስለሆነ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይለግማሉ። ስለዚህ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ግፊት፣ ሁለት ጊዜ ክፍተት አለ።

ለገጣፎ መንገድ ላይ በፍጥነት ለሚሄድ ሰው ክፍተቱ አይታወቀውም። ብስክሌቱና እሱ ራሱ በያዙት ፍጥነት ሙቱን ቦታ ተንደርድረው ያልፉታል። ዳገት ላይ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ለሚያዘግመው ግን መንደርደሪያ የለውም። በእያንዳንዱ ክፍተት ብስክሌቱ ቆም ለማለት ይዳዳዋል፤ እሱም ያንን ለማካካስ ቀጣዩን ፔዳል ይረግጠዋል።

## ሞላላው ምን ይለውጣል?

ካቴናውን የሚስበው የፊቱ ጥርስ የላይኛው ጠርዝ ነው። በዚያ ቅጽበት ላይ የሚገኘው የሞላላው ክፍል ረጅሙ ከሆነ ብስክሌቱ ትልቅ ጥርስ የገጠመ ያህል ይከብዳል፤ አጭሩ ከሆነ ይቀልላል። ዘመናዊዎቹ ሞላላዎች የሚገጠሙት እግር በሚበረታበት ቦታ ረጅሙ፣ በሙቱ ቦታ አጭሩ ከላይ እንዲውል ተደርጎ ነው።

በተራራ ብስክሌት ላይ የተለመደው ሞላላነት ከ10 እስከ 12 በመቶ ገደማ ነው። ባለ 32ቱ ሞላላ ጉልበት ባለበት ቦታ እንደ 34፣ በሙቱ ቦታ እንደ 30 ይሠራል ማለት ነው። እግሩ ሲበረታ ሸክም ይጨመርለታል፤ ሲለግም ይቀነስለታል። በዚህም የተነሳ እግር በደካማው ቦታ ቶሎ ያልፋል፤ በብርቱው ቦታ ትንሽ ይቆያል።

አንድ ሙሉ ዙር ሲደመር ግን ያው 32 ነው። በአንድ ዙር የሚኬደው መንገድ ሳንቲ ሜትር አይጨምርም፤ ዳገቱም ሜትር አይቀንስም። ሞላላ ጥርስ ጉልበት አያመጣም፤ ያላችሁን ጉልበት ሳይቆራረጥ ጎማው ጋ ያደርሰዋል። ከዚህ በላይ ቃል የሚገባላችሁ ሻጭ ካለ ኪሳችሁን ያዙ።

## ታዲያ በእኛ ዳገት ላይ ለምን ይለያል?

መኪና ጭቃ ውስጥ ሲቀረቀር የሚሆነውን ሁላችንም አይተናል። ነዳጁን የረገጠው ሾፌር ጎማውን ያሽከረክረዋል፤ የበለጠ ይቀበራል። ቀስ አድርጎ የሚሰጠው ይወጣል። የሁለቱም ሞተር አንድ ነው፤ የተለየው ጉልበቱ የደረሰበት መንገድ ነው።

የእንጦጦ የባሕር ዛፍ ጫካ ውስጥ ያሉት የእግር መንገዶች በበጋ በደረቅ ቅጠልና በተላጠ ቅርፊት ይሸፈናሉ። ከሥሩ ልቅ ጠጠርና የደቀቀ ቀይ አፈር አለ። እዚያ ላይ የኋላ ጎማ የሚያዳልጠው አብዛኛውን ጊዜ አማካይ ጉልበቱ ስለበዛ አይደለም፤ በ3 ቁጥር አካባቢ አንድ ጊዜ ቧ ብሎ ስለሚመጣ ነው። ሞላላው ያንን ጫፍ ዝቅ ያደርገዋል፤ ክፍተቱንም ከፍ ያደርገዋል። ጎማው መሬቱን እንደቆነጠጠ ይቆያል።

ሁለተኛው ምክንያት አየሩ ነው። አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ትገኛለች፤ እንጦጦ አናቱ ላይ ወደ 3,200 ሜትር ይጠጋል። እዚያ ከፍታ ላይ አንድ ትንፋሽ የሚያስገባው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ከሚያስገባው ሁለት ሦስተኛ ገደማ ነው። ሳንባ ሲያጥረው እግር ይዘገያል። በደቂቃ 80 ጊዜ ይዞር የነበረው ፔዳል 50 ይሆናል። ፔዳል በዘገየ ቁጥር ደግሞ ሙት ቦታው ይረዝማል። ስለዚህ የሞላላው ጥቅም በጣም የሚጎላበት ሁኔታ ዝግ ያለ ፔዳል፣ ቀጥ ያለ ዳገትና ልቅ መሬት ሲሆን፣ ሦስቱም በከተማችን ዳር በነፃ ይገኛሉ።

በአንጻሩ ወደ ሰንዳፋ የሚዘልቀውን አስፋልት ብቻ የሚነዳ ሰው ገንዘቡን ለጥሩ ጎማ ቢያውለው ይሻለዋል።

## የድሮው ሞላላ ለምን ተጠላ?

ሞላላ ጥርስ አዲስ ፈጠራ አይደለም፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1890ዎቹም ነበር። ስሙን ያበላሸው ግን የጃፓኑ የብስክሌት ዕቃ አምራች ሺማኖ እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣው ባዮፔስ የተባለ ሞላላ ጥርስ ነው። በ80ዎቹ የተራራ ብስክሌቶች ላይ በብዛት ተገጥሞ ወጣ። አቀማመጡ ከዛሬዎቹ ተቃራኒ ነበር፤ እግር በሚበረታበት ቦታ አጭሩ፣ በሙቱ ቦታ ረጅሙ ይመጣ ነበር። ሐሳቡ የሚወርደው እግር ራሱ ተንደርድሮ ሙቱን ቦታ እንዲሻገር ነበር። ብዙ ሰው አልተመቸውም፤ ስለ ጉልበት ሕመምም ቅሬታ በዛ። በ90ዎቹ መጀመሪያ ከገበያ ወጣ፤ «ሞላላ» የሚለው ስምም አብሮት ተቀበረ።

ይህ ታሪክ እኛንም ይነካል። ያገለገሉ የቆዩ ብስክሌቶች እዚህ አሁንም ይዞራሉ። ጥርሱ ሞላላ የሆነ አሮጌ ብስክሌት ካጋጠማችሁ «ይኸው ሞላላ ተገኘ» ብላችሁ አትደሰቱ፤ ባዮፔስ እንዳይሆን መጀመሪያ ጥርሱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ።

አዲሱ ትውልድ ዝናውን ያገኘው በመንገድ ውድድር ነው። እንግሊዛዊው ብራድሊ ዊጊንስ እ.ኤ.አ. የ2012ን፣ ክሪስ ፍሩም የ2013ን ቱር ደ ፍራንስ ያሸነፉት ኦሲሜትሪክ በተባለው የፈረንሳይ ሞላላ ጥርስ ነበር። እርግጥ ክብ ጥርስ ይዘው ያሸነፉት ይበልጣሉ። በቤተ ሙከራ የተደረጉት ጥናቶችም አንድ ቃል የላቸውም። አንዳንዶቹ በአጭርና ኃይለኛ ፍጥነት ላይ ትንሽ ብልጫ አይተዋል፤ ብዙዎቹ በኦክስጅን ፍጆታ ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላገኙም። ጉልበት ሕመም ያድናል የሚለውም ገና ያልተረጋገጠ ወሬ ነው። ልቅ ዳገት ላይ ጎማ መሬት መያዙ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ የሚወሰነው ጉልበት በምን መልክ ጎማው ላይ እንደሚደርስ ነው።

## የእኔ ብስክሌት ይቀበለዋል?

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ጋ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

የፊት ጥርሶቻችሁን ተመልከቱ። ርካሽ ብስክሌቶች ላይ ሁለቱ ወይም ሦስቱ የፊት ጥርሶች በምስማር ዓይነት ተመትተው አንድ ላይ ተጣብቀዋል። እነዚህ አይፈቱም፤ ክራንኩ በሙሉ ካልተቀየረ ሞላላ አይገባም። በብሎን የተያዙ ከሆኑ ተስፋ አለ።

አራት ብሎን ካለው፣ ከአንዱ ብሎን መሃል እስከ ጎረቤቱ ብሎን መሃል በማስመሪያ ለኩ። 73.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ ብሎኖቹ የተቀመጡበት ክብ ስፋቱ 104 ሚሊ ሜትር ነው፤ በተራራ ብስክሌት ላይ ለረጅም ጊዜ የተለመደው ልክ ይህ ነው። 45 ገደማ ከመጣ የለካችሁት የትንሿን ጥርስ ብሎን ነው። አራቱ ብሎኖች እርስ በርስ ያላቸው ርቀት እኩል ካልሆነ ለዚያው ክራንክ ተብሎ የተሠራውን ብቻ ፈልጉ። አዳዲስ ክራንኮች ላይ ደግሞ ጥርሱ ያለ ብሎን ክብ በቀጥታ ከክራንኩ ሥር ይገጠማል፤ የእያንዳንዱ ፋብሪካ አገጣጠም ስለሚለያይ የክራንኩን ስምና ሞዴል ይዛችሁ ካልሆነ አትግዙ። እቃው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከውጭ በሚመለስ ሰው ሻንጣ ነው። የተሳሳተ ልክ ለመቀየር ደግሞ ሌላ መንገደኛ ይጠበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። ከፊት ሦስት ጥርስ ያለው ብስክሌት ይዛችሁ ሁለቱን አውልቃችሁ አንድ ሞላላ ብቻ ልትተዉ ከሆነ ከኋላ ያለውን ትልቁን ጥርስ ቁጠሩ። በድሮው አሠራር ዳገት ላይ ከፊት 22፣ ከኋላ 34 ትጠቀሙ ነበር እንበል። አንድ ዙር ፔዳል ጎማውን 0.65 ዙር ያዞረዋል። ከፊት 32 አድርጋችሁ የኋላውን 34 ከተዋችሁት 0.94 ይሆናል። ጎማው ባለ 26 ኢንች ከሆነ፣ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ለመውጣት ቀድሞ በደቂቃ 62 ዙር የነበረው እግር አሁን 43 ዙር ብቻ ያዞራል። እያንዳንዱ እርግጫ በግማሽ ገደማ ይከብዳል ማለት ነው። ይህን ክብደት የትኛውም ሞላላ አያነሳውም። «ሞላላ ገጥሜ ባሰብኝ» የሚሉ ሰዎችን ብስክሌት ሳይ ብዙ ጊዜ ችግሩ ይኸው ሆኖ አገኘዋለሁ።

አንድ የፊት ጥርስ ብቻ የሚያዋጣው ከኋላ 46 ወይም 51 ጥርስ ላለው ነው። 32 ለ51 ሲሆን 0.63 ይመጣል፤ ከድሮው ትንሿ ጥርስ ጋር እኩል ነው። ከኋላችሁ 34 ወይም 36 ከሆነ ትንሿን የፊት ጥርስ አታውልቋት። መሃለኛውን ብቻ በሞላላ መቀየር ይቻላል፤ የፊት ካምቢዮው ከፍታ ረጅሙን ጫፍ እንዳይነካ ተደርጎ ይስተካከላል፤ የመቀያየሩ ቅልጥፍና ግን ትንሽ ይቀንሳል።

## ስንት ጥርስ ልምረጥ?

አሁን ያላችሁን ያህል። ባለ 32 ክብ የተመቸው ሰው ባለ 32 ሞላላ ይያዝ። «ሞላላው ስለሚያቀልል 34 ልግዛ» የሚሉ አሉ፤ ለሜዳ ውድድር ያስኬድ ይሆናል፤ ለእንጦጦ አልመክርም። ዳገቱ ዛሬም እያስጨነቃችሁ ከሆነ 30 ፈልጉ። በባለ 104 ክራንክ ላይ ግን ብሎኖቹ ራሳቸው ቦታ ስለሚይዙ ከ32 ብዙ መውረድ አይቻልም።

አንድ የፊት ጥርስ ብቻ የምትጠቀሙ ከሆነ ጥርሶቹ አንድ ወፍራም፣ አንድ ቀጭን እየሆኑ የሚፈራረቁበትን ምረጡ። ወፍራሙ ጥርስ በካቴናው ሰፊ ክፍተት፣ ቀጭኑ በጠባቡ ውስጥ ገብቶ ስለሚይዘው ካቴናው በኮረኮንች ላይ ሲዘል አይወልቅም።

## እንዴት ይገጠማል?

ከሁሉ በፊት ካቴናውን ለኩ። ሀያ አራት መጋጠሚያ ከፒን መሃል እስከ ፒን መሃል አዲስ ሲሆን 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። 307 ከደረሰ ካቴናው ተስቧል፤ ከኋላ የተደረደሩት ጥርሶች 11 ወይም 12 ከሆኑ ደግሞ 306 ተኩል ሳይደርስ ይቀየር። በተሳበ ካቴና ላይ አዲስ ጥርስ መግጠም በአሮጌ አቁማዳ አዲስ ጠጅ እንደማስቀመጥ ነው፤ አንዱ ሌላውን ይበላዋል።

ክራንኩ ባለ አራት ማዕዘን ዘንግ ላይ የተቀመጠ የድሮ ዓይነት ከሆነ በመንቀያው ይወጣል። መዶሻ አይነካው፤ በመዶሻ የተነቀለ ክራንክ ተመልሶ ሲገባ የሚወላገድበትን ምክንያት ሠሪው አይነግራችሁም። አንዳንድ ክራንክ ላይ ግን ጥርሱ ክራንኩ ሳይወልቅም ይወጣል። የብሎኖቹን ቀዳዳና ማረፊያ በጨርቅ አጽዱ፤ የብሎኑ ጥምዝምዝ ላይ ጥቂት ግራሶ ቀቡ። ሦስት ጥርስ ከነበረበት ወደ አንድ ከወረዳችሁ የድሮዎቹ ብሎኖች ይረዝማሉ፤ እስከ መጨረሻ ጠብቀው ጥርሱ ግን ይንቀጠቀጣል። ለአንድ ጥርስ የሚሆኑ አጫጭር ብሎኖች ያስፈልጋሉ።

ከዚያ ወሳኙ ነገር ይመጣል፤ አቅጣጫው። አራት እኩል ቀዳዳ ያለው ጥርስ በአራት አቅጣጫ ይገባል፤ ሁሉም ግን ልክ አይደለም። አብዛኞቹ ላይ ምልክት አለ፤ ነጥብ፣ ቀስት ወይም ካቴናው ወልቆ ከክራንኩ ጋር እንዳይቀረቀር የምታግድ አጭር ፒን። እሷ ከቀኙ ክራንክ ክንድ ጀርባ ትገባለች። ምልክቱ ቢጠፋ ወይም ባታምኑት በዓይን ማረጋገጥ ይቻላል። ብስክሌቱን ከቀኝ እያያችሁ የቀኙን ክራንክ በ3 እና በ4 ቁጥር መካከል አቁሙት፤ ማለትም ከመሬት ጋር ከተስተካከለ በኋላ ትንሽ ዝቅ ሲል። ሞላላው ቀጥ ብሎ መቆም አለበት፤ ረጅሙ ወደ ላይና ወደ ታች። ክራንኩን መልሳችሁ 12ን ትንሽ አልፎ ስታቆሙት ደግሞ ሞላላው ይተኛል። ክራንኩ ወደ ፊት ተዘርግቶ ሞላላው ከተኛባችሁ 90 ዲግሪ ስታችኋል፤ በገዛ እጃችሁ ባዮፔስ ሠርታችኋል።

እንደ ስፔኑ ሮተር ያሉ አምራቾች ይህን ማዕዘን በጥቂት ዲግሪ ማስተካከል የሚያስችሉ ተጨማሪ ቀዳዳዎች ይሰጣሉ። ከመሃለኛው ጀምሩ፤ ጥቂት ሳምንት ሳትነዱበት አታንቀሳቅሱት።

ብሎኖቹን እንደ መኪና ጎማ በመስቀል፣ በየተራ አጥብቁ። ልኩ ብዙ ጊዜ ከ8 እስከ 10 ኒውተን ሜትር ነው። መለኪያ ቁልፍ ከሌላችሁ በአጭር ቁልፍ በአንድ እጅ እስኪበቃው ነው፤ ቧንቧ ቀጥሎ ማጥበቅ ብሎኑን ይበጥሰዋል። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ አንድ ጊዜ ድገሙት። ዳገት ላይ «ጢቅ፣ ጢቅ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁም መጀመሪያ የምትፈትሹት እነዚህን ብሎኖች ነው።

ክራንኩን በእጅ ቀስ ብላችሁ ሙሉ ዙር አዙሩት። ባለ 32 ሞላላ በረጅሙ ጫፉ ባለ 34 ክብ የሚፈልገውን ቦታ ይፈልጋል፤ ከብስክሌቱ የኋላ ሹካ ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር መራቅ አለበት። ካቴናው እንዳይወልቅ የሚይዝ ማገጃ ካላችሁም ረጅሙ ጫፍ ሲያልፍ እንዳይነካው ከፍ አድርጉት። ወፍራሙ ጥርስ በሰፊው የካቴና ክፍተት መግባቱን እዩ፤ አንድ ጥርስ ከተዛነፈ ካቴናው ጥርሶቹ አናት ላይ ተንጠልጥሎ ይሄዳል። ሲዞር ካምቢዮው በጥቂቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ቢወዛወዝ አትደንግጡ። ካቴናው ምንጊዜም የሚይዘው የጥርሱን ግማሽ ያህል ስለሆነ ልዩነቱ ትንሽ ነው። የጥርስ ቁጥሩ ካልተቀየረ የካቴናው ርዝመትም ብዙውን ጊዜ ያው ይበቃል።

## ሲነዳ ምን ይሰማል?

የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ግር ይላሉ። እግር በየዙሩ ሁለት ጊዜ ወደ ፊት የሚያመልጥ ይመስላል። አብዛኛው ሰው በሁለት ሦስት ጉዞ ይረሳዋል፤ ከዚያ ወደ ክብ ሲመለስ ደግሞ ክቡ ሞላላ ሆኖ ይሰማዋል።

ጥቅሙን ለማግኘት አነዳዱም መታረም አለበት። ሞላላ የረገጣ መድኃኒት ነው፤ አሁንም ቆማችሁ የምትደቁሱት ከሆነ ግን መልሳችሁ አፈረሳችሁት። ዳገቱ ሳይጀምር ወደ ቀላሉ የኋላ ጥርስ ውረዱ። መቀመጫው ላይ ቆዩ፤ ወደ ጫፉ ተጠጉ፤ ክርናችሁን አጥፋችሁ ደረታችሁን ዝቅ አድርጉ። የፊት ጎማ እንዳይነሳ፣ የኋላው እንዳያዳልጥ ክብደቱን የምታመጣጥኑት በዚህ ነው። መቀመጫውም ልኩን ይያዝ፤ ተረከዝ ፔዳል ላይ ሆኖ ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግር ቀጥ የሚልበት ከፍታ ጥሩ መነሻ ነው። በእኛ አገር ብዙ ሰው መቀመጫውን ዝቅ አድርጎ ጉልበቱን ደረቱ ላይ እያመጣ ይነዳል፤ ለዚያ ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው ጥርስ አይደለም።

እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ሲመጡ ደግሞ ጥርሱ ሞላላም ይሁን ክብ ወርዳችሁ መንገድ ልቀቁ። ሸክም ይዞ ቁልቁል መቆም ዳገት ላይ እንደገና ከመነሳት ይከብዳል።

## ክረምት ሲገባስ?

የሱሉልታ ሜዳ ጥቁር አፈር ሲርስ ጎማውንም ሹካውንም ጥርሱንም አንድ አድርጎ ይለስነዋል። በዚያ ጭቃ ላይ ሞላላ ክብ ብሎ ነገር የለም፤ ብስክሌቱን መሸከም ነው። በቀዩ አፈር ላይ ግን ይነዳል። ከጉዞ በኋላ ጥርሶቹ መካከል የገባውን ጭቃ በብሩሽ አውጡ፤ ውኃ በኃይል ወደ መሃሉ ዘንግ አትልቀቁ። ካቴናውን ካደረቃችሁ በኋላ የካቴና ቅባት ጠብ አድርጋችሁ ትርፉን በጨርቅ ጥረጉ። ከጋራዥ የተገኘ የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት የተለመደ ነው፤ አሸዋውን ይዞ እንደ ሞረድ ጥርሱን ይበላዋል እንጂ አይጠቅመውም።

## ለእኔ እንደሠራ በምን አውቃለሁ?

ሰዓት አትያዙ። ነፋሱ፣ እንቅልፉ፣ የበላችሁት ቁርስ ሰዓቱን ያዛባዋል። አንድ የምታውቁት ልቅ ዳገት ምረጡ፤ ሁልጊዜ እግር መሬት የሚያስነካችሁ ቢሆን ይመረጣል። በክቡ ጥርስ በተለያየ ቀን ሦስት ጊዜ ውጡና ስንት ጊዜ እግራችሁን እንዳወረዳችሁ ጻፉ። የጎማውን ንፋስ ሳትቀይሩ ሞላላውን ገጥማችሁ ሁለት ሳምንት ተለማመዱ፤ ከዚያ በዚያው ዳገት ሦስት ጊዜ ድገሙት።

እኔ የሞከርኩት ከእንጦጦ አስፋልት ተገንጥሎ ወደ ባሕር ዛፉ በሚገባ አጭር መንገድ ነው። በክቡ አራት፣ አራት፣ አምስት ጊዜ ወረድኩ። በሞላላው ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት። አስፋልቱ ላይ ግን ምንም ልዩነት አላየሁም፤ ከሽሮ ሜዳ ጀምሮ የማርፍበት ቦታ ያው ነው፤ ልጁ ያገኘኝም እዚያው ነበር።